መድኃኒቱ ሲያስቸግር ዝም ማለት አይገባም

በአገራችን የሰላምታ ልማድ «እንዴት ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ» ይባላል። ይህ መልስ በጎረቤት ደጅ፣ በለቅሶ ቤት ወይም በገበያ መንገድ ሲነገር መልካም ነው። የራስን ጭንቀት በሌላው ሰው ላይ ላለመጫን የተለመደ ጨዋነት ስለሆነ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ይኸው መልስ በሐኪም ፊት ሲነገር ጨዋነቱ ይቀርና ጉዳት ይሆናል። ሐኪሙ የሚሠራው በሚነገረው ነገር ነውና፣ ደኅና ነኝ ያለውን ሰው ደኅና ነው ብሎ ያሰናብተዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ያባቶች ተረት የተነገረው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ በዚህ ተረት ላይ አንድ ነገር ለመጨመር እንወዳለን፤ ይኸውም መድኃኒቱ ያመጣበትን ችግር የደበቀ ሰውም እንዲሁ መድኃኒት የለውም።

ይህን ለማለት ያነሣሣን የስኳር በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ800 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት መድኃኒት አይወስዱም ነበር። መድኃኒት ካልደረሳቸው ሰዎች ሌላ፣ መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘው፣ በትራሳቸው ሥር ወይም በቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፣ ለማንም ሳይናገሩ የተዉት ሰዎች አሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎችና ገና ሥራ የያዙ ወጣቶች ስለሆኑ «ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ በሁለት ምክንያት ትክክል አይደለም። አንደኛ፣ ከስኳር በሽታ ዐይነቶች አንዱ ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚይዝ ነው። ሁለተኛ፣ በብዙ ቤት የመድኃኒቱን ካርቶን የሚያነብ፣ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውስ፣ ወላጁን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ የተማረው ልጅ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእናትና የአባት ቢሆንም ኃላፊነቱ ከልጅ አያልፍም።

በመጀመሪያ ሰው መድኃኒቱን ለምን እንደሚተው እንመልከት። የስኳር በሽታ ዋናው ተንኰሉ አለማሳመሙ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ አልፎም ሳለ ሰውየው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሠራል፣ ይጫወታል። ጉዳቱ ግን በውስጥ ቀስ በቀስ ይሄዳል። የዐይንን፣ የኩላሊትን፣ የልብንና የእግርን የደም ሥሮችና ነርቮች እየጐዳ ከብዙ ዓመት በኋላ ይገለጣል። መድኃኒቱ በአንጻሩ በጀመሩት በሁለተኛው ቀን ሆድን ሊያውክ ይችላል። እንግዲህ በስሜቱ ብቻ የሚፈርድ ሰው «መድኃኒቱን ሳልጀምር ጤነኛ ነበርሁ፤ ያሳመመኝ መድኃኒቱ ነው» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። ዳሩ ግን ፍርዱ የተዛባ ነው፤ ከሁለቱ ተከሳሾች አንደኛው ይጮኻል፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ ይሰርቃል። ዳኛው የጮኸውን ብቻ ቢያስር ሌባው በቤት ውስጥ ይቀራል።

መድኃኒት ከሚፈለግበት ሥራ ውጭ የሚያመጣው ችግር በሕክምና ቋንቋችን የጎንዮሽ ጉዳት ይባላል። ይህ ጉዳት መድኃኒቱን ለመጣል ምክንያት ከመሆኑ በፊት መድኃኒቱን ለማሻሻል ምክንያት ሊሆን እንደሚገባ የኢንሱሊን ታሪክ ራሱ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1922፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ላለው በሽታ መድኃኒት ስላልነበረ የልጁ ክብደት 30 ኪሎ ያህል ብቻ ሆኖ ሞቱን ይጠባበቅ ነበር። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳ ጣፊያ አጠገብ ካለው ቆሽት ያወጡት ፈሳሽ በመርፌ ተሰጠው። ውጤቱ ግን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ስኳሩ የቀነሰው በጥቂቱ ሲሆን መርፌው የተወጋበት ቦታ አብጦ መግል ያዘ።

እነዚያ ሰዎች በዚህ ጊዜ «ፈሳሹ ጐጂ ነው» ብለው ቢያፈሱት ኖሮ ልጁም ሥራውም አብረው በጠፉ ነበር። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። መርፌውን ለጊዜው አቆሙና ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ፈሳሹን አጠራው። ከ12 ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን፣ የጠራው መድኃኒት ለልጁ ተሰጠው። የደሙ ስኳር ወረደ፤ ጉልበቱም ተመለሰ። ሊዮናርድ ቶምሰን ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። የመጀመሪያው ኢንሱሊን የመጀመሪያውን የጎንዮሽ ጉዳት ይዞ መጣ፤ መፍትሔ የተገኘውም ጉዳቱ በመታየቱና በመነገሩ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በአገራችን ለስኳር በሽተኞች በብዛት ከሚታዘዙት ኪኒኖች የመጀመሪያው ሜትፎርሚን ነው። ይህ መድኃኒት ሥሩ ወደ አውሮፓ አንድ የሜዳ ተክል ይመለሳል። ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር በሽተኞች ያለውን ጥቅም ጽፎ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ የታወቀ፣ ዋጋውም የሚቻል መድኃኒት ሆኗል። ሥራው ጉበት ከመጠን በላይ ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ማድረግ ነው። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረዱ ነገር እምብዛም አይታይም።

የሜትፎርሚን ችግር ሆድ ላይ ነው። ከሚወስዱት ሰዎች ከመቶ 25 ያህሉ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ ወይም በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያገኛቸዋል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ጨርሶ መውሰድ የማይችሉት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ናቸው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ሰዎች ሊረዱ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ሐኪሞች የሚያውቋቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው በትንሽ መጠን፣ ይኸውም በ500 ሚሊግራም ጀምሮ በየሳምንቱ ወይም ከዚያ በዘገየ ጊዜ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ሁለተኛው ኪኒኑን በባዶ ሆድ ሳይሆን በምግብ መካከል ወይም ከምግብ በኋላ መዋጥ ነው። ሦስተኛው በሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟውን ዐይነት ማዘዝ ነው። ይህኛው ዐይነት ሳይሰበርና ሳይታኘክ መዋጥ አለበት፤ አንዳንድ ጊዜ ቅርፊቱ በሰገራ ውስጥ ቢታይም መድኃኒቱ በሆድ ውስጥ ስለ ቀረ መደንገጥ አያስፈልግም። በብዙ ሰው ላይ የሆዱ መታወክ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

አንድ የምናውቃቸው የጡረታ ሰው የደረሰባቸው ነገር ይህንኑ ያስረዳል። ሜትፎርሚን ከጀመሩ በኋላ ጧት ጧት ሆዳቸው ይታወክ ጀመር። በታክሲ ለመሄድ ፈሩ፤ ማኅበር ቀሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ቆሞ ማስቀደስ አስጨነቃቸው። ለልጆቻቸው መናገር አሳፈራቸው፤ ለሐኪሙ መናገር ደግሞ «ያዘዘልኝን አልወደድሁም» ማለት መሰላቸው። ስለዚህ ኪኒኑን ተዉት። ቀጠሮ ሲቃረብ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ይወስዱታል። ከሦስት ቀጠሮ በኋላ ሐኪሙ የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ አዘዘ። ይህ ምርመራ በአንድ ሳምንት ትጋት የሚታለል አይደለም። በዚያን ቀን ልጃቸው አብሯቸው ነበረና ንግግሩን እንዲህ ሲል አጫወተን።

«አባት፣ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?» አላቸው ሐኪሙ።

«አዎን ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እኔ ልቆጣዎት አይደለም። ባለፈው ወር ስንት ቀን ሳይወስዱት ቀሩ?»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው «ሆዴን ያስቸግረኛል፤ ሰው ፊት አዋረደኝ» አሉ።

«ታዲያ ይህንን ቢነግሩኝ እኮ በዚያው ቀን እንለውጠው ነበር» አላቸው።

በዚያኑ ዕለት ቀስ እያለ የሚሟሟው ዐይነት በትንሽ መጠን ታዘዘላቸው፤ ከእራት ጋራም እንዲወስዱት ተነገራቸው። ልጃቸው እንደ ነገረን አሁን ማኅበራቸውን አይቀሩም። ሆኖም በዚያው ሰሞን የዐይን ምርመራ ሲደረግላቸው በዐይናቸው የውስጥ መጋረጃ ላይ የስኳሩ ምልክት ተገኘ። ይህ ጉዳት በእነዚያ ወሮች ብቻ መጣ ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ስኳሩ ያለ ከልካይ የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ለዐይን መልካም እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

ስለ ሜትፎርሚን ሳንጨርስ ሁለት ነገር እንጨምር። የመጀመሪያው ቫይታሚን ቢ 12 ነው። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ይህ ቫይታሚን በሰውነት ውስጥ እንዲቀንስ ሊያደርግ ይችላል። ሲጐድልም ድካም፣ የደም ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። ቫይታሚኑ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾም ሰው እነዚህን ምግቦች የሚያገኝበት ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ብዙ ዓመት ሜትፎርሚን የወሰደ ጿሚ ሐኪሙን ስለዚህ ምርመራ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የእግር መደንዘዝ ሁሉ ከስኳሩ የመጣ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ከቫይታሚን ማነስ የመጣ እንደሆነ የሚታከም ነውና።

ሁለተኛው ስለ ኩላሊት ነው። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ፣ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይሰጥም። እንደዚሁም ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይዞት የሰውነቱ ውሃ ያለቀ ሰው መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም ያስፈልገው እንደሆነ ወዲያው ሐኪም መጠየቅ አለበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲከማች እምብዛም የማይታይ፣ ነገር ግን ለሕይወት የሚያሠጋ የአሲድ መብዛት ሊያስከትል ይችላል።

ከኪኒኖች ሁለተኛው ወገን በአገራችን ብዙ ሰው በዳኦኒል ስም የሚያውቀው ግሊቤንክላማይድና ዘመዶቹ ናቸው። የእነዚህም መነሻ የሚደነቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊዬ ከተማ ማርሴል ዣንቦን የተባለ ሐኪም የአንጀት ተስቦ የያዛቸውን ሰዎች በአንድ አዲስ መድኃኒት ሲያክም ስኳራቸው ከልክ በታች ሲወርድ አየ። ኦጉስት ሉባቲዬር የተባለው ባልደረባው ነገሩን መርምሮ መድኃኒቱ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚገፋፋ መሆኑን አስረዳ። የአንዱ በሽታ የጎንዮሽ ጉዳት ለሌላው በሽታ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ጠባይ ዛሬም አልለቀቀውም። ግሊቤንክላማይድ ሰውየው ቢበላም ባይበላም ቆሽትን ይገፋፋል። ስለዚህ ኪኒኑን ውጦ ቁርስ ያልበላ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም እንዲሁ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን የስኳር መውረድ ይባላል። ምልክቶቹም ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብ፣ የልብ መምታት፣ የዐይን መጨለም፣ ቍጣና የንግግር መንተባተብ ናቸው። ሰውየው ሰካራም ሊመስል ስለሚችል በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው ንቆት እንዳያልፍ ያስፈልጋል። በቢሮ አብሮን የሚሠራ ባልደረባ ከምሳ በፊት ያለ ልማዱ ቢቆጣና ቢያልበው፣ በፈተና አዳራሽም አንድ ተማሪ ብዕሩን ይዞ ቢፈዝ፣ ከመገሠጽ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ለዚህ ጊዜ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ይኸውም 4 የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በጥቂት ውሃ በጥብጦ መጠጣት፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ መጠጣት ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተነሣም መድገም፣ ሲሻለው ደግሞ ምግብ መብላት ነው። ቆሎና ዳቦ ለኋላ መልካም ናቸው፤ ለመጀመሪያው ደቂቃ ግን ይዘገያሉ። ቸኮላትም ቅባት ስላለው እንደ ስኳር ፈጥኖ አይደርስም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው በኪሱ ጥቂት ከረሜላ ቢይዝ ማፈር የለበትም። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ነገር ማፍሰስ አይገባም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋልና። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የግሊቤንክላማይድ ሥራ ረዥም ሰዓት ስለሚቆይ፣ ስኳር ተሰጥቶት የነቃ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ኪኒን ምክንያት ራሱን የሳተ ሰው «ነቃሁ» ብሎ ወደ ቤቱ እንዲመለስ መፍቀድ አደጋ አለው። በዚሁ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ እንዳልሆነ አሳስቧል። ወላጁ ሽማግሌ ሆኖ ይህን ኪኒን የሚወስድበት አንባቢ «ሌላ የሚሻል አለን?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው።

ስለ ጾምም ሳንናገር ማለፍ አይቻልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ የሚጾም እስላም፣ ከስኳር አውራጅ መድኃኒት ጋራ ሲጾም ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ይተዋል፣ ወይም መድኃኒቱን ወስዶ እየተንቀጠቀጠ ይጾማል። ሁለቱም አይበጁም። ሐኪሙ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከተነገረው መጠኑንና ሰዓቱን ሊለውጥ ይችላል፤ መጾም የሌለበትንም ሰው ይነግረዋል። በሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ርኅራኄ እንዳለ የንስሐ አባትና ሼኹ ያስረዳሉ። እንደዚሁም አረቄና ጠላ ባዶ ሆድ ሲገቡ ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ስለሚከለክሉ፣ እነዚህን መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ሌሊቱን አደገኛ ያደርጉበታል።

ሦስተኛው ኢንሱሊን ራሱ ነው። ከስኳር መውረድ ሌላ የሚያመጣቸው ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚወጋ ሰው ከቆዳው ሥር ቅባት ይጓጉልበታል። እብጠቱ ስለማያሳምም ሰውየው እዚያው መውጋትን ይመርጣል፤ ነገር ግን ከዚያ ቦታ ኢንሱሊን በትክክል ስለማይሰርጽ ስኳሩ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይወርዳል። ስለዚህ ሆድን፣ ጭንንና ክንድን እያፈራረቁ፣ በየጊዜውም ጥቂት እየራቁ መውጋት ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ሲጀመር ደግሞ ዐይን ለጥቂት ሳምንት ይደበዝዝ ይሆናል። ይህ ስኳሩ በፍጥነት ሲስተካከል በዐይን ሌንስ ላይ ከሚታየው ለውጥ የሚመጣና ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ነው። ለፈተና የሚያነብ ተማሪ በዚያው ሳምንት መነጽር ለመግዛት ከመሮጥ ይልቅ ለሐኪሙ ነግሮ ጥቂት ቢጠብቅ ገንዘቡን ያተርፋል። ክብደትም ሊጨምር ይችላል፤ ቀድሞ በሽንት ይፈስ የነበረው ስኳር አሁን በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር ነው። ይህ ግን ኢንሱሊን ለመተው ምክንያት አይደለም። በተለይ በወጣትነት የሚጀምረው የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሕይወቱ በኢንሱሊን የታሰረ ስለሆነ፣ ታሞ ምግብ ባይበላ እንኳ ኢንሱሊኑን ጨርሶ ማቆም የለበትም። መጠኑን ግን ሐኪም ይለውጥለታል።

በዘመናችን ደግሞ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ኪኒኖች በብልት አካባቢ የፈንገስ ማሳከክ ሊያመጡ ይችላሉ፤ የሰውነትንም ውሃ ይቀንሳሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጉ አንዳንድ አዳዲስ መርፌዎችም የምግብ ፍላጎትን ሲቀንሱ ማቅለሽለሽ ያመጣሉ። ለእነዚህም በትንሽ መጠን መጀመርና ትንሽ ትንሽ መብላት ይረዳል። ከአሜሪካም ሆነ ከሌላ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ መድኃኒት ሲልክ ደግሞ ከመዋጥ በፊት ካርቶኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ግሉኮፋጅ ተብሎ የሚሸጠው ሜትፎርሚን ራሱ ነው። ሁለቱን ልዩ ልዩ መድኃኒት መስለውት አብሮ የሚወስድ ሰው አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይወስዳል። የአገር ባህል መድኃኒትም ቢሆን ለሐኪም መነገር አለበት። አብሽ ለምሳሌ ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል ከኪኒኑ ጋራ ሲደመር ከሚፈለገው በታች ሊያወርድ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ መጽሐፍ የለመደ እጅ አንድ ትንሽ ደብተር ያዘጋጅ። በደብተሩ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙ፣ የተወሰደበት ሰዓት፣ የተበላው ምግብ፣ ስኳሩ ከተለካም ቁጥሩ፣ ችግር ከተሰማም መቼ ጀምሮ መቼ እንዳቆመ ይጻፍ። «ይህ መድኃኒት አልተስማማኝም» የሚል ቃል ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። «በባዶ ሆድ ስወስደው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዴ ይታወካል፤ በልቼ ስወስደው ይቀንሳል» የሚል ቃል ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ከዚያም በሐኪሙ ፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ይህ ችግር በጊዜ ብዛት የሚያልፍ ነው? መጠኑን፣ ሰዓቱን ወይም ዐይነቱን መለወጥ ይቻላል? የትኛውን ምልክት ሳይ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ልምጣ?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱን በከፊል እኛም እንናገር። ራስን መሳት፣ የፊትና የምላስ ማበጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ከብርቱ ድካም ጋራ ሲታዩ ቀጠሮ የሚጠበቅባቸው ነገሮች አይደሉም። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው የሆድ መታወክና የመሳሰለው በምክር የሚስተካከል ነው።

ነገሩን ሁሉ በበሽተኛው ላይ ብቻ መጫን ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሐኪም ቤት ደጅ ሰልፉ ረዥም ነው፤ ሐኪሙም ለአንድ ሰው የሚሰጠው ደቂቃ ጥቂት ነው። ሆኖም «ደኅና ነዎት?» ከማለት ይልቅ «ስንት ቀን ሳይወስዱ ቀሩ? ምን አስቸገረዎት?» ብሎ ያለ ቍጣ መጠየቅ ከዚያው ደቂቃ አይበልጥም። በትምህርት ቤት ሳሉ የሕክምና ትምህርት የሚማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ከአሁኑ ቢለምዱት ነገ በእጃቸው የሚገቡት ሰዎች ያመሰግኗቸዋል። መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራውም ኪኒኑን ሲያቀብል «ከምግብ ጋራ ይዋጡት፤ መጀመሪያ ሆድዎን ቢያውክ አይደንግጡ፤ ግን ይንገሩን» ቢል የብዙ ሰው መድኃኒት ከቁም ሣጥን ይወጣል።

መማር ማለት ለራስ ብቻ ደብዳቤ ማንበብ መቻል አይደለም። በቤታችን ውስጥ አፋቸውን ይዘው የሚሠቃዩትን ሰዎች ቃል ወደሚሰማበት ቦታ ማድረስም ነው። ስለዚህ በዚህ እሑድ ቤታቸው የሚውሉ ወጣቶች ከእናታቸው ወይም ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ የመድኃኒቱን ካርቶን አውጥተው፣ ውስጡ የቀረውን ኪኒን ቢቆጥሩ መልካም ነው። ቍጥሩ ከሚገባው በላይ ሆኖ ቢገኝ ቍጣ አያስፈልግም። «ምን አስቸገረዎት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በደብተር ጽፎ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መያዝ ይበቃል።